የመቅኒ ጨረታ

መስከረም 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ደርሶ በርሽን ያንኳኳ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። እናትሽ ደህና ናት፤ ፎቶሽን ለጎረቤት ማሳየት ዛሬም አልሰለቻትም። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ስልክ እያለ ወረቀት መያዜ ሳይገርምሽ አይቀርም። ሠላሳ አራት ዓመት ከመጋዝ ጋር የዋለ ጆሮዬ ከሚባለው ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል። ደግሞም በወረቀት ላይ ያላየሁትን ነገር አላምንም፤ ይህን ጠባዬን ታውቂዋለሽ። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ስልኬን የምታነሳው ልጄ ናት፤ የምጽፍልሽ ደግሞ ስለ እሷ ነው። መልሱን በፈጣን ፖስታ በእንጨት ሥራ ቤቴ ሳጥን ቁጥር ላኪልኝ።

ደወል ታማለች። ገና በሕፃንነቷ አንዴ ስትጮህ ሰፈሩን ሁሉ ታስነሳ ስለነበር ነው ደወል ያልናት፤ አሁን ሦስተኛ ክፍል ታስተምራለች፣ ድምፅዋም ከዚያ ወዲህ አልቀነሰም። ከሐምሌ ጀምሮ ግን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆማለች። ክንዷ ሳይመታ ይበልዛል። ጥርሷን ስትቦርሽ ድዷ ይደማል። ሐኪሙ ከዳሌ አጥንቷ ናሙና ወስዶ «መቅኒዋ ደም መሥራት አቁሟል» አለን። ደም የሚሠራው መቅኒ ውስጥ መሆኑን በስልሳ ሦስት ዓመቴ ገና መማሬ ነው። አሁን የምትኖረው በየአሥር ቀኑ በሚሰጣት የሰው ደም ነው፤ እሱም ብዙ አያስኬድም፣ እየበዛ በሄደ ቁጥር ሕክምናውን ያከብደዋል ብለውናል።

ሕክምናው የግንድ ሕዋስ ተከላ ይባላል። ከጤነኛ ሰው መቅኒ ወስደው እሷ ላይ ይተክላሉ፤ ከያዘ ደሟን እንደ አዲስ ይሠራል። ወንድሟ ጭምቱ ተመርምሮ ሙሉ በሙሉ ገጥሞላታል። እስከዚያው ደሜን ልስጣት ቢል ሐኪሙ ከለከለው፤ የወንድሟን ደም ቀድማ ከወሰደች ሰውነቷ ኋላ መቅኒውን ሊገፋው ይችላል አሉ። ልጁ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ተቀመጠ።

አሁን የቀረኝ የት እንደማሳክማት መወሰን ነው። አንቺ ነርስ ነሽ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ትውያለሽ። እዚያ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቀሽ በዝርዝር ጻፊልኝ። ገንዘብ ላኪ አላልኩሽም፤ ዋጋ ብቻ።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ።
አጎትሽ


ጥቅምት 3

ለጋሼ፣

እንደ ናፍቆቴ ልክ ሰላም ይበሉ። ደብዳቤዎን ቁሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ደወል ታመመች ብሎ ማሰቡ ራሱ አልሆንልህ አለኝ። ፈጣሪ እጁን ይዘርጋላት፤ እርስዎንም ያጽናዎት።

ዋጋውን ጠይቄያለሁ። እኔ ያለሁበት ትልቁ ሆስፒታል ከውጭ ለሚመጣ በሽተኛ መቶ ዘጠና ሺህ ይጠይቃል፣ በዚህ አገር ገንዘብ። አልጋው፣ መድኃኒቱ፣ መቅኒ የሚሰጠው ሰው ምርመራ፣ ሠላሳ ቀን ተኝቶ መታከም ሁሉ በውስጡ አለ። ከሠላሳ ቀን ካለፈ በየቀኑ ይጨመራል። የአስታማሚ ቤት ኪራይና አስተርጓሚ ለብቻ ነው።

በስልኬ ማስታወቂያ የመጣ አንድ የግል ማዕከል ደግሞ አርባ ስድስት ሺህ ይላል። ከእትብት በሚወሰድ ሕዋስ እናክማለን ይላሉ። አላውቃቸውም፤ እንዲያው ዋጋ ይወቁ ብዬ ነው የጻፍኩት። እዚያው አገር ቤትስ የለም? ደወልን የሚያክማት ሆስፒታል መትከል ጀምሯል ሲባል ሰምቻለሁ።

ሐኪሞቹን ስላሉኝ፣ እነሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። ለሁለት ደቂቃም ማግኘት ከባድ ነው። ግን እሞክራለሁ።

ደወልን ይሳሙልኝ። ምክንያቱን አይንገሯት፣ ዝም ብለው ይሳሟት።
የእህትዎ ልጅ


ጥቅምት 21

ለእህቴ ልጅ፣

ቀንሽ ይቃና፣ ሌሊትሽ ሰላም ይሁን። ዝርዝርሽ ከአንድ የጨረታ ኮሚቴ የወጣ ይመስላል፤ ነርስ ባትሆኚ ኖሮ ሥራ ቤቴ ውስጥ ጠረጴዛ እሰጥሽ ነበር።

እኔም በለመድኩት መንገድ ሄድኩ። ማወዳደሪያ ሠንጠረዥ አሰመርኩና ሦስቱን ተጫራቾች አስገባሁ። ትልቁ ሆስፒታል መቶ ዘጠና ሺህ። ማዕከሉ አርባ ስድስት ሺህ። የእኛው የመንግሥት ሆስፒታል፣ ጠይቄ በእናንተ ገንዘብ ስመታው፣ አሥራ ሰባት ሺህ!

እንግዲህ ስሚኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ለበርና መስኮት ጨረታ ዋጋ ሳስገባ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ከሁሉ ከፍ ያለው ዋጋ ስሙን ይሸጥልሻል። ከሁሉ ዝቅ ያለው ያልደረቀ እንጨት አምጥቶ ይሠራልሽና በስድስት ወሩ በሩ አልዘጋ ይላል። ሥራ ያለው መካከል ላይ ነው። ዝቅተኛውን ፖስታ ዋጋውን ብቻ አይቼ ወደ ጎን ነው የማደርገው፣ ውስጡን አላነብም። ይህ ሕግ ሥራ ቤቴን አቁሞልኛል፤ ልጄንም ያቆምልኛል። መካከለኛው ማዕከሉ ነው።

እንዲያውም በጭምቱ ስልክ ተጻጽፌያቸዋለሁ። ሰው እንዴት ትሑት ይሆናል! በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሱልኝ። ሦስት ቀን ብቻ ይበቃል፣ ፀጉሯ አይረግፍም፣ የወንድሟም መቅኒ አያስፈልግም፣ መቶ በመቶ ትድናለች አሉኝ። እስከ ኅዳር 25 ግማሹን ከከፈልኩ አምስት ሺህ ይቀንሳሉ። ሥራ ቤቱን ከነማሽኑ የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። ሽያጩ ክፍያውን ሊሸፍን ጥቂት ይቀረዋል፤ የጎደለውን ሦስት ሺህ አንቺ ትሞዪልኛለሽ ብዬ አስባለሁ፣ እምቢ ብትዪም አልቀየምሽም።

አንድ ነገር አድርጊልኝ። ሄደሽ እዪልኝ። የነርስ ዓይን ያለው ሰው ይይልኝ፤ «ጋሼ፣ አይቻለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃኛል።

ቸር ያሰማሽ።
አጎትሽ


ኅዳር 2

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይቅደም። ይህ አጭር ወረቀት ነው፣ አይቆጡ። እባክዎ ገንዘቡን አይክፈሉ፣ ሥራ ቤቱንም አይሽጡ። ሄጄ ሳይ በዝርዝር እጽፍልዎታለሁ። አንድ የምነግርዎ ነገርም አለ፤ ዛሬ ብዕሩ እምቢ አለኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 11

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ። ወረቀትሽ ደረሰኝ፤ ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፣ ሌላ የተጻፈ ነገር አልነበረም።

ልጄ፣ ደወል ትናንት ተማሪዎቿ የላኩላትን ሥዕል ቀና ብላ ማየት አቅቷት ተኝታ አየችው። አፍንጫዋ ሲደማ ሁለት ሰዓት አልቆመም። አንቺ ደግሞ «ብዕሩ እምቢ አለኝ» ትዪኛለሽ። ሦስቱ ሺህ ከብዶሽ ከሆነ በግልጽ ንገሪኝ፣ ከአፌ አይወጣም። ሌላ የምታውቂው ነገር ካለም ንገሪኝ። ምክንያቱን ሳይነግረኝ አትግዛ የሚለኝን ሰው በሥራዬም ሰምቼ አላውቅ።

ገዢው ኅዳር 24 ውል ሊፈርም ይመጣል። እኔም እፈርማለሁ። ሌላ የማውቀው መንገድ የለኝም።

አጎትሽ


ኅዳር 13

ለማከብርዎ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ሲከፍቱ ቁጭ ብለው ይሁን። ፈጣሪ ከክፍያው ቀን በፊት ያድርስልኝ። ጭምቱ ጋ ደውዬ ነበር፤ «አባባ በወረቀት ካላየ አያምንም፣ ጻፊለት፣ ቀኑን እኔ አቆየዋለሁ» ብሎ ዘጋው። በሕይወቴ ከእሱ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

በመጀመሪያ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎት፤ እሱን ሳልል የቀረውን ብናገር አያምኑኝም። እኔ ነርስ አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። የምሠራው ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ነው። በመጣሁ ዓመት ሰማያዊውን የሥራ ልብስ ለብሼ ፎቶ ላክሁ፤ እማዬ ለጎረቤት አሳየች፣ ጎረቤቱ ነርስ ሆነች አለ፣ እማዬም ደስ አላት። ደስታዋን ላበላሽባት አልፈለግሁም። ነገ እነግራታለሁ ስል ስድስት ዓመት አለፈ። «የነርስ ዓይን ያለው ሰው ይይልኝ» ያሉኝን ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ አጥፌ ይዤው ዋልኩ።

አሁን በልብስ አጣቢ ዓይን ያየሁትን ይስሙኝ።

ማዕከሉ ያለው ከዚህ ሁለት ሰዓት በአውቶቡስ ነው። ከሶፋ መሸጫ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። በሩ ላይ ነጭ ካባ የለበሰች ልጅ ተቀበለችኝ፤ ስለ አጎቴ ልጅ ነግሬ «በሽተኞቹ የት ይተኛሉ?» አልኳት። «እኛ ጋ ማንም አያድርም፣ ያን ያህል ቀላል ነው» አለችኝ። መጸዳጃ ቤት ጠይቄ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄድኩ። አራት ክፍል፣ በየክፍሉ ወደ ኋላ የሚተኛ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ከጥቅል የተቀደደ ወረቀት። አልጋ የለም። የንጹሕ አንሶላ ጋሪ የለም፣ ቆሻሻው የሚገባበት ከረጢትም የለም። ቁም ሣጥኑን ስከፍተው ሁለት እርጥብ ፎጣ አገኘሁ።

ጋሼ፣ መቅኒ የሚተከልበት ክፍል አንሶላ እኛ ጋ የሚመጣው ለብቻው በቢጫ ከረጢት ነው። ማሽኑ ለብቻው ነው፣ የሚታጠፍበት ጠረጴዛም ለብቻው። በየቀኑ ይቀየራል፤ ስንልከው አሽገን ቀን እንጽፍበታለን። ማሸጊያው ትንሽ ከተቀደደ መልሰን እናጥበዋለን። ምክንያቱም የአሮጌው መቅኒ ፍራፊ ተጠርጎ አዲሱ እስኪይዝ ሰውየው ሳምንታት ያለ መከላከያ ይተኛል፤ ጉንፋን ይገድለዋል። አንሶላ የሌለበት ቤት መቅኒ አይተከልበትም። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አላስፈለገኝም።

ግን አንድ ሐኪም ደግሞ ጠየቅሁ። የመቅኒ ክፍሉን ኃላፊ ዶክተሯን አሳንሰሩ በር ላይ የአንሶላ ጋሪዬን ይዤ ሦስት ቀን ጠበቅኋት። በስድስት ዓመት ውስጥ አናግሬያት አላውቅም። አምስት ደቂቃ ቆማ ሰማችኝ። ለዚህ በሽታ ሙሉ በሙሉ የገጠመ ወንድም ከሁሉ የተሻለ ነው፣ ወንበር ላይ የሚሰጥ መርፌ አይተካውም፣ ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው አለችኝ። የአገር ቤቱን ዋጋ ስነግራት አልሳቀችም። «ሥራው አንድ ዓይነት ነው። የሚለየው ደመወዙ፣ ኪራዩና ለውጭ በሽተኛ የሚጨመረው ነው። በዋጋው ርካሽ ነው አትበሉ፤ ሂዱና እዩት» አለች።

ስለዚህ ሂደው ይዩት። ስንት ሰው እንደተከሉ ይጠይቁ፤ ስንቱን እንዳጡም ይጠይቁ። የክፍሉ በር አንድ ነው ሁለት? ቀጭን ወረቀት በበሩ ሥር ይያዙ፤ የውጭ ጀርም እንዳይገባ አየሩ ወደ ውጭ መግፋት አለበት እንጂ ወደ ውስጥ መሳብ የለበትም። አንሶላቸው ታሽጎ ይመጣል ወይ? ከታሸገ ቀኑን ያንብቡ።

ስለዋሸሁ ይቅር ይበሉኝ። ለእማዬ እኔው እነግራታለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1

ለልጄ፣

እንደ ልጄ ነው የምጠራሽ፤ ከዛሬ ጀምሮ ልመጂው። ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ወገብሽን ያጠንክረው፣ ጠላት አይይሽ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ኅዳር 25 ነው። ገዢው 24 መጥቶ ነበር! ብዕሬን አወጣሁ፣ የማሽኖቹን ሰነድ ከሣጥን ሳወጣ ሣጥኑ ባዶ ነው። ቤቱን ገለባበጥኩት፣ ሠራተኞቹን ጮህኩባቸው፣ የራሴን ኮት ሦስት ጊዜ ፈተሽኩ። ገዢው ተቆጥቶ ሄደ። ማታ ጭምቱ ከሸሚዙ ሥር አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠልኝ። «ደብዳቤዋ ነገ ይደርሳል» አለና ወደ መኝታው ሄደ። ሰው ዝም የሚለው ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር፤ ልጄን አላውቀውም ነበር።

ስለ ሥራሽ አንድ ጊዜ ልናገርና ይለቅ። ስድስት ዓመት የእህቴ ልጅ ነርስ ናት እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። አሁን የእህቴ ልጅ ልብስ አጣቢ ናት፣ ልጄን ከሌባ እጅ ያወጣችው እሷ ናት እያልኩ እኩራራለሁ፤ የሚስቅ ካለ ከእኔ ጋር ይገናኛል። እናትሽም ሰምታለች። ተቀየመችሽ፣ ግን የተቀየመችው ብርድ ላይ እጅሽን ውሃ ውስጥ እየነከርሽ ዝም በማለትሽ ነው። ጓንት ትጠቀማለች ወይ ብላ ጠይቃሻለች።

አሁን ዋናውን ስሚ። ሠንጠረዡን ቀደድኩት። ሠላሳ አራት ዓመት በእንጨት ላይ የሠራ ሕግ ልጄን ሊያስገድለኝ ነበር። ዝቅተኛውን ፖስታ ሳልከፍት ወደ ጎን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ማንም አልገፋፋኝም። ጥፋቴን አምኜ በማግሥቱ ሜትሬንና አንድ ቁራጭ ወረቀት ይዤ የመንግሥቱ ሆስፒታል ሄድኩ።

ዘበኛው «በሜትር ምን ሊለኩ ነው?» አለኝ። «በሩን» አልኩት። ሳቀና አባረረኝ። በሌላው በር ገባሁ። የክፍሉን ዋና ነርስ አገኘሁ፤ ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ወረቀትሽን አሳየኋት። አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው፣ «የጻፈችው ሰው የት ነው የምትሠራው?» አለችኝ። ልብስ ማጠቢያ ስላት ፊቷ ተፈታ። «ታውቃለች» አለች።

በሩ ሁለት ነው፤ የውጭው ሳይዘጋ የውስጡ አይከፈትም። ወረቀቴን ሥሩ ያዝኩ፣ ወደ እኔ ተገፋ፣ እንደ ሕፃን ነው ደስ ያለኝ። አንሶላው ታሽጎ ተደርድሯል፤ አንዱን አንስቼ ቀኑን አነበብኩ፣ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ነው። አንድ ጉድለት አገኘሁ፣ የውጭው በር ማጠፊያው ወርዶ ወለሉን ይፈትጋል። ነገርኳት። «ለጥገና ከጻፍን አራት ወር ሆነ» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀን ማጠፊያ ይዤ ሄጄ ክፍሉ ባዶ በነበረበት ሰዓት ሠራሁላቸው። ዘበኛው መሣሪያዬን ተሸከመልኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ስንት ተክላችኋል አልኩት። «አሥራ አራት።» ስንት አጥታችኋል? «ሁለት» አለኝ፤ የሁለቱንም ምክንያት ነገረኝ፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደቀየሩም ነገረኝ። የሶፋ ቤቱ ሰዎች መቶ በመቶ ብለውኝ ነበር። ሁለት አጥተናል ያለኝን ሰው አመንኩት። ዋጋውም ለምን እንዳነሰ አሁን ገባኝ። ክፍሉ የመንግሥት ነው፣ ሐኪሙ ደመወዝተኛ ነው፣ መቅኒው ደግሞ በትልቁም በትንሹም ሆስፒታል ዋጋ የለውም፤ የጭምቱ ነው።

ለደወል ሁሉን ነገርኳት። «አባባ፣ እኔን ጨረታ አውጥተህብኝ ነበር?» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ሁለት ወር ሆኗት ነበር።

ጥር 20 ትገባለች። ሥራ ቤቱ አልተሸጠም። ትልቁን መላጊያ ማሽን ብቻ ሸጥኩ፤ እሱና ያለኝ ተደምሮ አሥራ አምስት ሺህ ሞላ።

ከልቡ የሚወድሽ አጎትሽ


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ደስታ የሞላበት ሰላምታ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ማጠቢያው ውስጥ በማሽኑ ጩኸት መሃል ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ማንም አልሰማኝም፣ እንደልቤ አለቀስኩ። ለእማዬ ጓንት እንደምጠቀም ይንገሩልኝ፣ እስከ ክርኔ የሚደርስ ነው።

የጎደለውን ሁለት ሺህ ልኬያለሁ። እርስዎ እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን አልቀበልም ቢሉ እቀየማለሁ።

ዶክተሯ ትናንት አሳንሰሩ ጋ አገኘችኝና «የአጎትሽ ልጅ የት ደረሰች?» አለችኝ። ነገርኳት። ሐኪማችሁ ጥያቄ ካለው ይጻፍልኝ ብላ አድራሻዋን በአንሶላ መለያ ካርድ ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፤ አብሬ ልኬዋለሁ።

ፀጉሯ ሲረግፍ እንዳትደነግጥ ይንገሯት። ተመልሶ ይበቅላል።
ልጅዎ


የካቲት 23

ለልጄ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ በቃ! ሰላምታውን አሳጠርኩት፣ እጄ ቸኩሏል።

ጥር 20 ገባች። ፀጉሯን ቀድማ ራሷ አስላጨች፣ «እኔ እቀድመዋለሁ እንጂ መድኃኒቱ አይቀድመኝም» ብላ። ሳምንት ሙሉ የቀረውን አሮጌ መቅኒ የሚጠርግ መድኃኒት ሰጧት። የካቲት 1 ጭምቱን አስተኝተው ከዳሌው ቀዱለት። ማታውኑ ነቅቶ ያለው ነገር ቢኖር «በቃት?» ነው።

መቅኒውን በቀይ ከረጢት አምጥተው እንደ ማንኛውም ደም ሰቀሉላት። በሦስት ሰዓት ተንጠባጥቦ አለቀ። በመስኮቱ ሳየው ቆይቼ ለዋና ነርሷ «ይኼው ነው?» አልኳት። «ይኼው ነው፣ ከባዱ መጠበቁ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። የነጭ ደም ሴሏ ዜሮ ሆነ። በአምስተኛው ቀን ዜሮ። በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ደረሰ፤ ሐኪሙ አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አደረ። ለእናንተዋ ዶክተር ጻፈ፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ መለሰችለት፣ መድኃኒት ለወጡ። ከአገር ወደ አገር ሲጻጻፉ የማየው ሌላ ደብዳቤ ሳይሆን የልጄ ሕይወት ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። በአሥራ አራተኛው ቀን ዜሮ። በአሥራ ስድስተኛውም ዜሮ። ጭምቱ መብላት አቆመ፤ «መቅኒዬ ሰነፍ ነው» ይለኛል። እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ስንት ቀን እንዳሰበበት እንጃ።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን ዘጠና። በአሥራ ስምንተኛው ሁለት መቶ ሠላሳ። ሐኪሙ አምስት መቶን አልፎ ሦስት ቀን ከቆየ ይዟል እንላለን ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ አምስት መቶ ሃያ፣ ከዚያ ስምንት መቶ አሥር። ትናንት ጠዋት በመስኮቱ ቆሜ ስጠብቅ ዋና ነርሷ ወረቀቱን ይዛ መጣች፤ ያቺ ፊቷ የማይፈታው። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈችልኝ። አንድ ሺህ አራት መቶ!

ጮህኩ። ሠላሳ አራት ዓመት በመጋዝ ላይ የጮህኩትን ያህል ጮህኩ። ከየክፍሉ ሰው ወጣ፣ ዘበኛው ሮጦ መጣ፣ ምን እንደሆነ ሲሰማ እሱም ጮኸ። ደወል ከውስጥ በስልኩ ደወለችልኝ፣ በዚያ ድምፅዋ፣ ጤናማ ጆሮ በሚያስጨንቀው። «አባባ፣ ሆስፒታል ነው፣ ዝም በል!» አለችኝ። ሁሉንም ቃል ሰማሁት።

ይዟል ልጄ። ይዟል!

አጎትሽ


መጋቢት 10

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ማጠቢያው ውስጥ ወረቀቱን ከፍቼ ቁጥሩን ስናገር አሥራ አንድ ሴቶች ማሽን አቁመው አጨበጨቡ። አለቃችን ሊቆጣ መጣ፣ ነገርነው፣ እሱም አጨበጨበ። ዶክተሯ ጋ ሮጥኩ፤ በአሳንሰር አይደለም፣ በደረጃ፣ ዘጠኝ ፎቅ። ቢሮዋን አንኳኩቼ ገባሁ። በስድስት ዓመት ውስጥ በሩን ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። ወረቀቱን አነበብኩላት፤ ተነስታ አቀፈችኝ።

ጭምቱን ይሳሙልኝ። መቅኒው ሰነፍ አይደለም፣ እንደ ራሱ ሳይናገር ይሠራል።

ልጅዎ


መስከረም 15

ለልጄ፣

ከቤታችን ሁሉ፣ ከእናትሽም ጭምር፣ የጠገበ ሰላምታ ይድረስሽ። ይህን ደብዳቤ ሥራ ቤቴ ውስጥ እጽፋለሁ። ሆስፒታሉ ለአዲሱ ክፍል የስምንት በር ሥራ ሰጥቶኛል፤ ዋጋ አስገባ ሲሉኝ የሠራተኛና የእንጨት ብቻ አስገባሁ። ጸሐፊው በጣም አንሷል ብሎ ሊጥለው ነበር። ዋና ነርሷ «ከፍታችሁ አንብቡት» አለቻቸው።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል ወስደናት ነበር። የሰው ደም መቀበል ካቆመች አምስት ወር ሆኗታል። ሐኪሙ አዲስ ካርድ ሰጣት፤ የደሟ ዓይነት ተቀይሯል! ከልደቷ ጀምሮ የነበረው ተሰርዞ የወንድሟ ዓይነት ተጽፏል። የመቅኒው ነገር እንዲያ ነው አለን። ጭምቱ ካርዱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየው፤ ኪሱ ሊከተው ሲል ነጠቀችው።

ትናንት ትምህርት ቤቷ ተመለሰች። ሐኪሙ ፈቅዶላታል፣ ለጊዜው ግማሽ ቀን። እኔ ከንጋት ጀምሮ ለብሼ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ላደርሳት፣ ቦርሳዋን ልይዝላት፣ ደረጃው ላይ ቢደክማት ክንዴን ልሰጣት። ዓመት ሙሉ ከዓይኔ አጥፍቻት አላውቅም። እሷ ግን አርፍዳ ተነሳች፣ ቁርሷን ቆማ ጎረሰች፣ ደብተሮቿን ብብቷ ሥር ከተተች፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። በመስኮት ብቅ ብዬ አየኋት። መንገዱን ተሻግራ ከሌላ አስተማሪ ጋር እያወራች፣ እየሳቀች ሄደች። እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው፣ አባቷን ኮት ለብሶ እንደተዘጋጀ ረስታው።

አጎትሽ